አውራ ጣቱ የመሰከረለት ሽምብራ

አናጺው ሽምብራ መላጥ ከጀመረ አምስት ሳምንት ሆነው። አርባ ስምንት ዓመት እንጨት ሲልግ የኖረ ሰው ነው፤ ሚስቱም መጀመሪያ ሰሞን «ከመላግ ወደ መላጥ፣ በአንዲት ፊደል ሥራ ለወጥክ» ብላ ስቃበታለች። አሁን ብዙ አትስቅም፤ ሳቅ ትን ይላታል። እሱ ግን በየቀኑ ጠዋት ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና የተቀቀለውን ሽምብራ አንድ በአንድ በሁለት ጣቱ ጨመቅ እያደረገ ልጣጩን ያወልቃል። ፍሬው በአንዱ ሳህን፣ ልጣጩ በሌላው። ለአንድ ምሳ ሦስት መቶ ፍሬ ገደማ ይበቃል። ቆጥሮታል፤ ሳይለካ የጀመረው ሥራ በሕይወቱ የለም።

ሚስቱ ከማዕድ ቤቱ በር አጠገብ፣ መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። በሽታው ጡንቻ የሚያመነምን፣ መድኃኒት የሌለው ዓይነት ነው። ከእግሯ ጀመረ፣ እጇን አዳከመ፣ ባለፈው ዓመት ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ። መጀመሪያ ውኃ ትን አላት፤ ቀጥሎ ሾርባ፤ ቀጥሎ የገዛ ምራቋ። ሰውነቷ ከሳና የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ ስላስቸገረ አናጺው በክር አስሮ አንገቷ ላይ አንጠለጠለላት።

ከሆስፒታል የምትላክ አንዲት የመዋጥ ባለሙያ አለች፤ በዕድሜ ልጃቸው የምትሆን ሴት፣ ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች። ስለ ምግቡ የሰጠችው ትእዛዝ አጭር ነበር። «አባባ፣ ማንኪያ ላይ የሚቆም ይሁን፤ የሚፈስ አይሁን። ደግሞ በጣም የላመ። ምላስ የሚያገኘው አንዲት ቅንጣት መኖር የለበትም፤ ቅንጣቷ ናት ወደ ሳንባ የምትሄደው» አለች። እንደ እሷ አባባል፣ እማማ በተከታታይ አሥር ማንኪያ ሳያስላቸው ከዋጡ በአፋቸው መብላታቸውን ይቀጥላሉ፤ ካልሆነ ግን በሆዳቸው በኩል ቱቦ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ በአፍ የሚገባ ነገር አይኖርም።

የላመ ከተባለ የሕፃን ምግብ ሞልቷል። ሚስቱ ግን አንድ ማንኪያ ቀምሳ ፊቷን አዞረች። «ጥርስ ሳወጣ የተሰናበትኩትን ነገር አሁን አልመለስበትም» አለች። «ያን የሽምብራ ፍጭት፣ ሁመሱን ሥራልኝ።»

ሽምብራ የእሷ ነገር ነበር። ጤነኛ ሳለች ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቀቅላ ታደርቀውና በጨውና በበርበሬ አሽታ ምድጃ ውስጥ ታስገባዋለች፤ ከረሜላ የተባለ ነገር ቤት ውስጥ ይረሳል። ሙቀት በበዛበት ሰሞን በቀይ ሽንኩርት፣ በቲማቲምና በሎሚ ቀዝቃዛውን ታቀርበዋለች። ጥሬውን አሳድራ ከነጭ ሽንኩርትና ከቅጠል ጋር ወቅጣ፣ አድቦልቡላ ትጠብሰዋለች። የተቀቀለበትን ውኃ እንኳ አትደፋም ነበር፤ መትታ አረፋ ታደርገውና ኬክ ውስጥ ትጨምረዋለች። አናጺው ያን ጊዜ ጤንነቷን ተጠራጥሯል፤ ኬኩን ግን በልቷል። ከዚህ ሁሉ እሱ የሚያውቀው መብላቱን ብቻ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ከበሩ ወዲያና ወዲህ ሆነው እንዲህ ተባባሉ።

«ሶዳው የት ነው?»

«ከጨው አጠገብ።»

«ጨውስ?»

«አርባ ዓመት የበላኸው ጨው የት እንደሚቀመጥ አታውቅም?»

«መብላት እንጂ ማስቀመጥ አልተማርኩም።»

ጨው ተገኘ። ሽምብራው አንድ ማንኪያ ሶዳ በተጨመረበት ውኃ እንዲያድር፣ ጠዋት ታጥቦ በአዲስ ውኃ እንዲቀቀል፣ አረፋው እንዲገፈፍ አስተማረችው። ፍሬው በሁለት ጣት ሲነካ ያለምንም ትግል ካልፈረሰ አልበሰለም። ነጭ ሽንኩርቱ እንዳይናደፍ አስቀድሞ ሎሚ ውስጥ ይነከራል። ሽምብራው በትኩሱ ይፈጫል፤ ከዚያ ጣሂኒ የሚሉት የሰሊጥ ቅቤ ይገባል፤ መፍጫው ሳይቆም በረዶ የመሰለ ውኃ በማንኪያ በማንኪያ ይጨመራል፤ በመጨረሻ ጨው። ሁሉንም የተናገረችው በሁለት ቀን ነው፤ ድምጿ ቶሎ ይደክማል። እሱ ደግሞ እንጨት ላይ በሚጽፍበት ወፍራም እርሳስ የቁም ሳጥኑ በር ላይ፣ ከውስጥ በኩል ጻፈው።

ልሟል ወይስ አልላመም የሚለውን ለመፍረድ ግን አስተማሪ አላስፈለገውም። ለዚያ አውራ ጣቱ አለ።

በእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ ስሙ ራሱ አውራ ጣት ነበር። ጠረጴዛም ይሁን ቁም ሳጥን፣ ብርጭቆ ወረቀቱ ካለፈበት በኋላ ዓይኑን ይጨፍንና አውራ ጣቱን ከዳር እስከ ዳር ያንሸራትትበታል። «ለስልሷል» ካለ ነገሩ አለቀ፤ ዕቃው ወደ ቫርኒሽ ይሄዳል። «ይቀረዋል» ካለ አለቃውም ቢሆን አይከራከረውም። ደንበኞች ቆመው ያዩት ነበር፤ እሱም መታየቱን አይጠላም። እንግዲህ እንዲህ ያለ ጣት ይዞ በሽምብራ ፊት የሚያፍር ሰው የለም። የተፈጨውን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያሻል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ «ለስልሷል» ይላል።

«ሽምብራ ይልማል እንጂ አይለሰልስም» ትለዋለች።

«እሺ፣ ልሟል።»

ከዚያ ያጎርሳታል፤ እሷም ታስላለች። አንዳንድ ቀን ሦስተኛው ላይ፣ አንዳንድ ቀን ሁለተኛው ላይ። ትልቁ ድላቸው አራት ማንኪያ ነበር። ስታስል ዓይኗ ደም ይለብሳል፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እሱ ጀርባዋን ይዞ እስኪያልፍ ይጠብቃል። ካለፈ በኋላ ደግሞ ይቆጣታል።

«ልሟል እኮ። ትቸኩያለሽ» ይላታል።

«ይሆናል» ትላለች።

ባለፈው ሐሙስ ባለሙያዋ መጥታ ስንት ማንኪያ እንደደረሱ ስትጠይቅ ሚስቱ ራሷ መለሰች። «ከዚህ በላይ የላመ ነገር በዓለም ላይ የለም። እሱም አልወርድ ካለኝ ጉሮሮዬ አብቅቶለታል» አለች። ባለሙያዋ ወደ አናጺው ዞራ «እውነት በጣም የላመ ነው?» አለችው። አውራ ጣቱን አነሳላት። የቱቦው ወረቀት ወጣ፣ ሚስቱ በደከመ እጇ ፈረመች፣ ከሆስፒታል መጥተው ሊወስዷት ለሚቀጥለው ሐሙስ ተቀጠረ። «እስከዚያ አሥር ማንኪያ ከዋጡ ወረቀቱን እቀደዋለሁ» አለች ባለሙያዋ። ያለችው ለደንቡ ይመስላል፤ ሚስቱ ከፈረመችበት ሰዓት ጀምሮ ከነገሩ ጋር ታርቃ ነበር። ልብሶቿን ለማን ለማን እንደሚሰጥ እንኳ ተናግራ ጨርሳለች።

ማክሰኞ ከሰዓት ቀቢው ሊጠይቃት መጣ። ቀቢው በአንድ ሥራ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ከአናጺው ጎን ቫርኒሽ የቀባ ሰው ነው፤ ሲናገር ማቆሚያ የለውም፣ ሲያሾፍም አይመርጥም። ሙዝ ይዞ ነበር፤ ለታመመ ሰው የሚወሰድ ሌላ ነገር መኖሩን ሰምቶ አያውቅም። ሚስቱ ሙዙን አይታ አመሰገነችው። ብዙም ሳይቆይ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት፤ ሁለቱ ሰዎች ማዕድ ቤት ገብተው አናጺው ከምሳ የተረፈውን ሁመስ ከዳቦ ጋር አቀረበለት።

ቀቢው አንዴ ጎረሰና ወሬውን አቆመ። ያለ ዳቦ በማንኪያ ጫፍ ድጋሚ ቀመሰ። ምላሱን ከላንቃው ጋር ሲያሻ አናጺው አየው።

«ለእሷ የምትሰጣት ይህንኑ ነው?» አለ ቀቢው።

«ይህንኑ ነው። ምን ሆነ? ጨው በዛ?»

«ጨውስ ልክ ነው። መላሙን በምንድን ነው የምታየው?»

አናጺው አውራ ጣቱን አነሳ። ቀቢው ማንኪያውን አስቀመጠ።

«አሸዋ አለው» አለ።

«ምን አለው?»

«ደቃቅ አሸዋ። ማለቴ ሽምብራው፣ ያልተፈጨ ብናኝ። ጥርስ ላለው ሰው ምንም አይደለም፣ እንዲያውም ይጣፍጣል። ለእሷ ግን…»

«በጣቴ አይቼዋለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ» አለ ቀቢው። ወደ በሩ ዞር ብሎ ሴትየዋ መተኛቷን አረጋገጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጣትህ ሞቷል፣ ወንድሜ። ከሞተ ቆየ። ቆዳው እንደ ሰኮና ጠንክሯል፤ ምንም አይነግርህም። ለስልሷል ብለህ ያሳለፍከውን ዕቃ ሁሉ ምሳ ስትወጣ በብርጭቆ ወረቀት እንደገና የማሸው እኔ ነበርኩ። አለዚያ ቫርኒሹ አይተኛም ነበር።»

አናጺው አውራ ጣቱን ገልብጦ አየው። «ስንት ዓመት?» አለ።

«ጡረታ እስክትወጣ ድረስ። አሥራ አንድ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ስምህ እሱ አልነበረም እንዴ?»

አናጺው ጨው አነሳና ጠረጴዛው ላይ በተን አደረገ። ዓይኑን ጨፍኖ አውራ ጣቱን አንሸራተተበት። ያገኘው ጠረጴዛውን ብቻ ነው፤ ልሙጥ፣ ራሱ የሠራው ጠረጴዛ። ዓይኑን ሲገልጥ ጨው ጣቱ ሥር ተጠራቅሞ ነበር። ፊቱ በእፍረት ጋለ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደንበኛ ፊት ዓይኑን ጨፍኖ ሲኮፈስ የኖረበት ነገር ሁሉ ባንድ ጊዜ ታየው፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው አይጠላም ነበር።

ከዚያ ግን ሳቀ። ቀቢው ሰውየው ነካ አደረገው እንዴ ብሎ ደነገጠ።

«እኔ ነኝ ማለት ነው» አለ አናጺው። «አልገባህም? ጣቴ ከዋሸ የእሷ ጉሮሮ ምንም አልሆነም። አምስት ሳምንት አሸዋ እያጎረስኳት ነው ያሳላት። ማንም ቢሆን ያስለዋል። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

በጥፋቱ ይህን ያህል ደስ ያለው ሰው ቀቢው አይቶ አያውቅም።

ሚስቱ ስትነቃ አጠገቧ በርከክ ብሎ ነገራት። ጣቱን አሳያት፤ ጨውን፣ ቀቢውን፣ አሥራ አንዱን ዓመት አንድም ሳያስቀር ተናዘዘ። ሰምታ ስትጨርስ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ምላሴ ላይ አገኘው ነበር» አለች። «ደቃቅ ነገር።»

«ታዲያ ምን አፍሽን ያዘሽ?»

«አንተ ልሟል እያልክ፣ የእኔ ምላስ ማን ሆኖ? ምላሴም አብሮ የታመመ መሰለኝ።»

አናጺው አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም፤ ግን ከሐሙስ ጀምሮ ጠፍቶ የነበረ አንድ ነገር ፊቷ ላይ ተመለሰ። «እንግዲህ ነገ እናያለን» አለች፤ ማታም ሳትጠየቅ ፀጉሯን እንዲያበጥርላት ለመነችው። ተስፋ ቆርጣ ያገኘችውን ዕረፍት በገዛ እጁ እንደነጠቃት ያን ጊዜ አልገባውም።

ረቡዕ ጠዋት ቀቢው ቫርኒሽ የሚያጣራበትን ዓይነት ስስ ጨርቅ ይዞ መጣ። አዲስ ነው፣ ሁለት ጊዜ ፈልቷል፤ ይህን ሦስት ጊዜ ማለ። ሽምብራው ሌሊቱን ሙሉ ተነክሮ አድሮ ነበር። እስኪፈርስ ቀቀሉት፣ ሁለቱም ተቀምጠው ላጡት። ቀቢው «እኔ ጡረታ የወጣሁት ለዚህ ነው እንዴ» እያለ ቢነጫነጭም አንድ ልጣጭ አላለፈውም። መፍጫው እስኪግል ፈጩት፤ አሳርፈው እንደገና ፈጩት። ከዚያ ጨርቁን ጎድጓዳ ሳህን ላይ ወጥረው በማንኪያ ጀርባ ትንሽ በትንሽ ገፉት። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ጨርቁ ላይ የቀረውን አናጺው በመዳፉ ሰበሰበው፤ ግማሽ እፍኝ ይሆናል፣ ቢጫ፣ የመጋዝ ብናኝ የመሰለ። በየቀኑ ይህን ያህል እየጨመረ ነበር የሚያጎርሳት።

ፍርዱን ለቀቢው ተወለት። ቀቢው ቫርኒሽ እንደሚፈትነው አደረገ፤ ከመስኮቱ አጠገብ የመስታወት ቁራጭ ላይ ሁመሱን ስስ አድርጎ ቀባና ወደ ብርሃኑ አነሳው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አየ፣ ገልብጦ አየ፣ ለአናጺውም ሰጠው። አንዲት ነጥብ የለም። ከዚያ ቀመሰና ምላሱን ከላንቃው ጋር ለረጅም ጊዜ አሻ።

«ልሟል» አለ። «ይህን በር ላይ ብቀባው ያበራል።»

ስድስት ሰዓት ላይ ቀጥ አድርገው አስቀመጧት፣ ባለሙያዋ እንዳስተማረቻቸው አገጯን ወደ ደረቷ ዝቅ አደረገች። አናጺው የማንኪያውን ጫፍ ብቻ ሞላ።

አንድ። ጠበቁ። ወረደ።

ሁለት ላይ ዓይኗን ጨፈነች። «ይሄ ነው» አለች፤ እሷ ታውቀው የነበረውን ጣዕም ማለቷ ነው። ሦስት፣ አራት። አምስተኛው ሲወርድ ቀቢው ወንበሩ ጠርዝ ላይ መጥቶ ነበር፣ እጁን ጉልበቱ ላይ ጨብጦ። ከዚህ በፊት አምስት ደርሰው አያውቁም። ስድስተኛው ቀስ ብሎ ወረደ፤ ወረደ ግን። አናጺው ለባለሙያዋ ስልክ ሲደውልላት ምን እንደሚላት በልቡ ማዘጋጀት ጀመረ። መጀመሪያ ስለ ጣቱ ይነግራታል፣ እሷም ትስቃለች፣ ከዚያ ወረቀቱን ቅደጂው ይላታል።

ሰባተኛውን ስትውጥ አላሳላትም። ዝም አለች፤ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ከንፈሯ ሲጠቁር ቀቢው ነው ቀድሞ የተነሳው። ወደፊት ደግፈው ጀርባዋን መቱ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳሉ መጣ፣ አለቀ ሲሉት እንደገና መጣ፣ በአፍንጫዋም ወጣ። ሲቆም ላብ አጥምቋት ነበር። አፏ ውስጥ ምንም አልቀረም፤ ሁሉም ወርዷል፤ የወረደው ግን በማይወረድበት መንገድ ነው።

«ትንሽ እንረፍና እንደገና እንሞክር» አለ አናጺው።

ለእሱ ስትል አረፈችና አፏን ከፈተችለት። የመጀመሪያው ማንኪያ ላይ ያው ሆነ። ቀቢው ማንኪያውን ከአናጺው እጅ ቀማውና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

አናጺው ሳህኑን አንስቶ ወደ ቀቢው ዘረጋ። «እየው» አለው። «አሁንም አሸዋ አለው።»

«አብረን አይደል እንዴ ያየነው? በመስታወቱ።»

«እንደገና ቅመሰው። አለው በለኝ።»

ቀቢው ሰውየውን አየው። አሥራ አንድ ዓመት ዝም ያለ ሰው አንድ ቀን መዋሸት አያቅተውም። በጣቱ ጫፍ ነክቶ ቀመሰ። «ትንሽ ይሻክራል» አለ፣ ወለሉን እያየ።

«አላልኩህም? ጨርቁ ነው። ይሄ ጨርቅ ሰፊ ነው፤ ደራርበን እናጣራዋለን። ሽምብራም አለ፣ የቀረውን እቀቅላለሁ፣ እስከ ማታ…» እያለ ተነሳ።

ሚስቱ እጅጌውን ያዘችው። ጉልበት አልነበራትም፤ ቢጎትት ከእጇ ይወጣ ነበር። አልጎተተም።

«ልሟል» አለች። ለመናገር ትንፋሽ መሰብሰብ ነበረባት። «በጣም ልሟል። አንተ አይደለህም።»

ሳህኑን እንደያዘ ተቀመጠ። ቀቢው መስኮቱ ጋ ሄዶ መስታወቱን በእጅጌው መጥረግ ጀመረ።

«ምነው እኔ በሆንኩ» አለ አናጺው።

ቀቢው በሽታውን ለራሱ የተመኘ መሰለውና፣ ሰው የሚለውን ሁሉ አለ፤ አይዞህ፣ እንዲህ አይባልም፣ አንተም ብትወድቅ ማን ያነሳታል። ሚስቱ ግን የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ገብቷታል። እጅጌውን አልለቀቀችም።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?» አለችው።

«በሦስት ሰዓት» አላት።